የሕግ ለውጥን ለፖሊስ አባላት ከማሳወቅ በፊት

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ ለፖሊስ ባልደረቦቹ የሕግ ዜና እንዲያጠናቅር ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወሬው ስለ ረቂቅ ይሁን ስለ ጸደቀና ስለ ታተመ ሕግ ማጣራት ይኖርበታል። የፌዴራል አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል አዋጅ ደግሞ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ስለሚታተም፣ ጋዜጣውን ሳይመለከቱ «አዲስ ሕግ ወጣ» ብሎ ማሰራጨት አይገባም።

ጋዜጣው ሲገኝ ንባቡን ከመጨረሻዎቹ አንቀጾች መጀመር ይመረጣል፤ የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ ዘወትር የሚሰፍሩት እዚያ ነውና። ጡረታን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 714/2003ን የሚጠቅስ ጽሑፍ ዛሬም አይጠፋም፤ ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል።

ዋናው ሥራ ግን ድንጋጌውን ከዕለት ሥራ ጋር አገናኝቶ ማስረዳት ነው፤ አብዛኛው ማስታወቂያ የሚደክመውም እዚህ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ በደላንታ ገጠር ተጠርጣሪ የያዘ አባል የተያዘበትን፣ ጉዞ የተጀመረበትንና ፍርድ ቤት የተደረሰበትን ሰዓት ለየብቻ በመዝገብ ማስፈር አለበት። «መንገዱ ሩቅ ነው» የሚል ጥቅል ቃል ዳኛን አያሳምንም፤ የምርመራ መዝገብ ለማደራጀት የጠፋው ጊዜም ከጉዞ ጋር አይደመርም።