በትንሽ ብር ለሊኑክስ የሚሆን ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንዴት ይመረጣል?

ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብሩን ፕሮሰሰሩ ላይ ይጨርስና ለማዘርቦርዱ የተረፈችውን ይመድባል። ሊኑክስ ለምትጭኑ ሰዎች (ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት ነው) እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ርካሽ ፕሮሰሰር ሊኑክስ ላይ አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ነው፦ ዋይፋዩ፣ የኔትወርክ ቺፑ፣ ሳይታደስ የቆየው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለ ፕሮግራም።

ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ቶሎ እንጨርሰው። ግራፊክስ በውስጡ ያለውን ምረጡ። ከባድ ጌም ካልተጫወታችሁ ግራፊክስ ካርድ መግዛት የለባችሁም፤ የኢንቴልም የኤኤምዲም ግራፊክስ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከሊኑክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ምንም ሳትጭኑ ይሠራል። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ትሸውዳለች። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለበት ግራፊክስ የለውም። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ከሚገቡት የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ደግሞ ግራፊክስ ያላቸው ጂ ያለባቸው ብቻ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ዋጋው ቀነስ ስላለለት ባለ ኤፉን ገዝቶ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንበት ማዘርቦርዱ የተቃጠለ መስሎት ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ነበር።

እኔ የምጠቁማችሁ ሁለት ናቸው። ለቢሮ ሥራ፣ ለትምህርት፣ ኮድ ለሚጀምር ሰው በ2022 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ3-12100 በቂ ነው፤ 4 ኮር አለው። ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር) የምታስነሱ ወይም ትልልቅ ፕሮግራም ኮምፓይል የምታደርጉ ከሆነ 6 ኮር ያለውን ራይዘን 5 5600ጂ ውሰዱ። ሁለቱም የቆዩ ናቸው፣ እኔም የምወዳቸው ለዚሁ ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ለምዷቸዋል። በውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን ራም ስለሆነ አንድ ባለ 16 ጊጋ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋ ብትገዙ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ማዘርቦርዱ። የማዘርቦርዱ ስም ላይ የቺፕሴቱን ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ለ5600ጂ ኤ520፣ ቢ450 ወይም ቢ550 የሚል ይሆናል። ለ12100 ደግሞ ኤች610፣ ቢ660 ወይም ቢ760። የኢንቴሎቹ አንዳንዱ ዲዲአር4፣ አንዳንዱ ዲዲአር5 ራም ነው የሚወስደው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ ስለዚህ ራሙን ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ አንብቡ። ሌላም አለ። ራይዘን 3 3200ጂ በርካሽ አግኝታችሁ ከቢ550 ጋር ልታጣምሩት ካሰባችሁ ተዉት፣ ቢ550 እሱን አይደግፍም። ለእሱ ቢ450 ፈልጉ።

ቢ450 የወጣው ከ5000ዎቹ ራይዘኖች በፊት ነው። ባዮሱ ካልታደሰ 5600ጂን አያውቀውም፣ ኮምፒውተሩም አይነሳም። ሻጩ አድሶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ራሳችሁ የምታድሱ ከሆነ ዊንዶውስ የግድ አይደለም፤ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ እዚያው ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ ትጭኑታላችሁ። ግን እባካችሁ፣ ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል።

ዋይፋይ ላይ በደንብ ተጠንቀቁ። ኢንቴል ኤኤክስ200 ወይም ኤኤክስ210 የሚባለውን የዋይፋይ ካርድ ካገኛችሁ ሳታቅማሙ ውሰዱ። ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 የሚባሉት ስማቸው ይመሳሰል እንጂ የሚሠሩት ኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ስለሆነ ለራይዘን አትግዟቸው። የዋይፋዩ ቺፕ ብሮድኮም የሚባለው ድርጅት ከሆነ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ለብቻ መጫን ይጠይቃል፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ዳታውን አጋሩት፤ ሊኑክስ ወዲያው ይቀበለዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ለሚያበራ መብራትና ለጌጥ ግን አትክፈሉ።

ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ ፕሮሰሰሩን አስመጡ፣ ማዘርቦርዱን እዚሁ ግዙ። ፕሮሰሰር ትንሽ ናት፣ የምትበላሸውም ከስንት አንዴ ነው። ማዘርቦርድ ግን ቢበላሽ ወስዳችሁ የምትመልሱለት ሰው በቅርብ መኖር አለበት። ዘመዳችሁን ከማሸጊያው እንዳያወጣት አደራ በሉት፤ የኤኤም4 ፕሮሰሰር ሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮች በቀላሉ ይጣመማሉ። 12100 በሚገባበት የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ሶኬት ግን እግሮቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ አንድ በአንድ እዩዋቸው።

ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻው ሥራ ሙከራ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ሊኑክስ ሚንት 22ን ወይም ኡቡንቱ 24.04ን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሂዱ፣ ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። ዋይፋዩ ኔትወርክ አገኘ? የኔትወርክ ገመዱን ስትሰኩ ተገናኘ? ድምፅ አለ? ከዚያ ሰስፔንድ አድርጉት (አስተኙት)ና መልሳችሁ ቀስቅሱት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ካልነቃ ባዮሱን አሳድሱና እንደገና ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ሌላ ማዘርቦርድ ያምጡላችሁ።