ደብረ ብርሃን ላይ አልበስል ያለኝ ክክ

ክክ ወጥ የተማርኩት ሸዋ ሮቢት፣ እናቴ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ነው። ቁሌቱ ላይ ቲማቲም፣ ከዚያ የታጠበ ክክ፣ ውሃ፣ በቃ። ደብረ ብርሃን ስገባ ያው አሠራር ከዳኝ፤ የቱንም ያህል ቢንተከተክ የክኩ መሃል ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ባለሱቁን አሮጌ ክክ ሸጠልኝ ብዬ አምቼዋለሁ።

ነገሩ ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር አያንስም። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ቢጨመርም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም።

በዚያ ላይ የቲማቲም ኮምጣጣነት ክኩን ያከርረዋል። ጎረቤቴ እትዬ ይህን ሳይንስ ሳይሉት ያውቁታል፦ «ልጄ፣ መጀመሪያ ለብቻው አብስይው!»

አሁን ክኩን ማታ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ክዳን ገጥሜ ለብቻው እቀቅለዋለሁ፤ ውሃ ካነሰው የፈላ ነው የምጨምረው። በሁለት ጣት ሲጨፈለቅ ቁሌቱ ውስጥ ይገባል፣ ቲማቲሙም ከዚያ ወዲያ። ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ ይህ ሁሉ አያሻችሁም፤ እኔ ፉጨቱን አልወደውም።