ጎረቤት ከዋክብትን በካልኩሌተር እንዴት እንመዝናለን?

ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው የከዋክብት ቤተሰብ አልፋ ሴንታውሪ ነው። 4.37 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በዓይን ሲታይ አንድ ኮከብ ይመስላል፤ ግን ጥንድ ነው። ሁለቱ አንዱ ሌላውን እየዞሩ በ79.9 ዓመት አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ፕሮክሲማ የሚባል ሦስተኛ አባልም አላቸው፤ እሱ በጣም ትንሽና ከሁለቱ ሩቅ ስለሆነ ለዛሬው ሂሳብ አያስፈልገንም።

መጀመሪያ ፈልጉት። አዲስ አበባ ያላችሁ ግንቦት ማብቂያ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩ። ከአድማሱ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው ሁለት ደማቅ ከዋክብት ጎን ለጎን ይታያሉ። በግራ ያለው፣ ይበልጥ የሚያበራው፣ እሱ ነው። ከዋሽንግተንም ከለንደንም ፈጽሞ አይታይም፤ እኛ ታድለናል። አነስተኛ ቴሌስኮፕ ካገኛችሁ ለሁለት ተከፍሎ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ የምህዋሩን ስፋት አውጡ። ምህዋሩ ሞላላ ነው፤ የረጅሙ መስመር ግማሽ ከምድር ሲለካ 17.6 አርክሰከንድ ይሆናል። አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ከፀሐይ እስከ ምድር ያለው ርቀት ደግሞ እዚያ ቢቀመጥ ከዚህ 0.75 አርክሰከንድ ብቻ ሆኖ ይታየን ነበር። ይህን ቁጥር ለማግኘት መንገድ የከፈተው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ቶማስ ሄንደርሰን ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ ሆኖ የለካውን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። 17.6ን ለ0.75 አካፍሉ። 23.5 ገደማ ታገኛላችሁ፤ ይኸውም የፀሐይና የምድር ርቀት 23.5 እጥፍ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዛሬ በቴሌስኮፕ የምታዩትን ክፍተት ወስዳችሁ ብታሰሉ መልሱ ይበላሻል። ከዋክብቱ እ.ኤ.አ. በ1955 እንደሆነው ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው የፀሐይና የምድር ርቀት 11.2 እጥፍ ብቻ ነው፣ ከሳተርን የፀሐይ ርቀት ትንሽ ይበልጣል። ሲራራቁ 35.6 ይደርሳል፣ ከኔፕቲዩንም ያልፋል። በዚያ ላይ ምህዋሩ ወደ እኛ 79 ዲግሪ ስላዘነበለ ከጎኑ ነው የምናየው፤ ክፍተቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሊመስል ይችላል። 17.6 ግን ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የተገኘ ነው።

አሁን የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ይግባ፤ የምህዋርን ስፋትና የአንድ ዙርን ጊዜ ከክብደት ጋር የሚያያይዝ ሕግ ነው። ስፋቱ በፀሐይና በምድር ርቀት፣ ጊዜውም በዓመት ከተለካ ክብደቱ በፀሐይ ልክ ይወጣል። ስፋቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙ፦ 23.5 × 23.5 × 23.5፣ ወደ 13,000 ይጠጋል። ዓመቱን ሁለት ጊዜ በራሱ አባዙ፦ 79.9 × 79.9፣ ወደ 6,400። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ 2 ይመጣል። ሁለቱ ኮከቦች አንድ ላይ የሁለት ፀሐይ ያህል ይመዝናሉ! ሳንሄድ፣ ሳንነካቸው።

የቀረው ማከፋፈል ነው። ሁለቱም የሚዞሩት በመካከላቸው ባለ አንድ የጋራ ነጥብ ዙሪያ ነው፤ ቀላሉ ኮከብ ከነጥቡ ይርቃል። ርቀቱ ከከባዱ ርቀት 1.2 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ከባዱ የቀላሉን 1.2 እጥፍ ይመዝናል፤ ቀላሉን 1 ብንል ድምሩ 1 + 1.2 = 2.2 ነው። 2ን ለ2.2 አካፍሉ፦ ቀላሉ 0.9 ፀሐይ፣ ከባዱ 1.1 ፀሐይ።