ባንኩ «አይሆንም» ሲል፦ ከሱቅ በዱቤ ዕቃ እንዴት ይወሰዳል

እህቴ ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ክፍል ሱቅ አላት። ውሃ፣ ለስላሳ፣ ሳሙና፣ ፓስታ ትሸጣለች። ፍሪጅ ግን አልነበራትም። በሮቢት ፀሐይ ለብ ያለ ለስላሳ ማን ይገዛል? እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ለፍሪጅ መግዣ ብድር ልጠይቅ ስል መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆች ሳቁብኝ። ባንኩ ግን አልሳቀም። «አይሆንም» አለኝ።

ከወር ተኩል በኋላ ፍሪጁን ከሱቅ በዱቤ ወሰድኩት። ባንክ የመለሰውን ሰው ባለሱቅ ሊቀበለው ይችላል። ምክንያቱም የሚያዩት ነገር ይለያያል። ባንኩ ካርታና ሊብሬ ይጠይቃል። ባለሱቁ የት እንደምትሠሩ፣ ማን እንደሚያውቃችሁ፣ ስንት ብር አሁን እንደምትቆጥሩለት ያያል። ለዚህ ቅንነቱ ግን ያስከፍላል፤ እዚያ ላይ ስንደርስ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መጀመሪያ፣ ለምን እንደተከለከላችሁ እወቁ

እኔ «መስፈርቱን አያሟሉም» ስባል እሺ ብዬ ወጣሁ። ማታ ለእህቴ ደውዬ ስነግራት «ጋሼ፣ የትኛውን መስፈርት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ተመልሼ ጠየቅሁ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ገልበጥ አድርጎ አሳየኝ። ድሮ በስልክ ከወሰድኳት ትንሽ ብድር 870 ብር ቀርታለች። ሲሙን ከቀየርኩ በኋላ ማስታወሻ መልእክቱ የሚደርሰው ለጠፋው ቁጥር ነበር። 870 ብር! የመሥሪያ ቤት የቡና መዋጮ እኮ ነው።

ስለዚህ በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ ጠይቁ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው፦ ያደረ ውዝፍ አለ፣ ማስያዣ የለም፣ ገቢያችሁ በእጅ እየገባ በእጅ ስለሚወጣ ሒሳባችሁ ላይ አይታይም፣ ወይም መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» የተባለው ሰው ባንክ ደብተሩ ላይ «ሀይሌ» ሆኗል። የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል። በሱ የተነሣ ስንት ሰው ተመላልሷል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በኋላም ጣሪያውን ከፍ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ጣሪያ ሲኖር ባንኩ ቢወዳችሁም የሚያበድረው ላይኖረው ይችላል። ይሄን ማወቅ ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጣል።

አንድ ነገር አታድርጉ። በአንዱ ተከልክላችሁ በዚያው ሳምንት አራት ቦታ አትሩጡ። ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ያያሉ። ውዝፉ ካለ የትም ብትሄዱ ቀድሟችሁ ይደርሳል።

ቀጥሎ፣ ትንሿን ዝጉ

እኔ 870ዋን ከነቅጣቷ ከፈልኩ። ደረሰኙን ብቻ ይዤ ግን አልወጣሁም፤ ዕዳ እንደሌለብኝ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አስጻፍኩ። ይህን ወረቀት ለባለሱቁ ሳሳየው ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ስም ከተዛባ ከፋይዳ መታወቂያችሁ ጋር እንዲስማማ ባንኩ ዘንድ አስተካክሉ። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ወረቀቶቹ

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ የፋይዳ መታወቂያ፣ የመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ እና የሦስት ወይም የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ይበቃል። ነጋዴ ከሆናችሁ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ያዙ።

ሱቅ እየነገዳችሁ ሁሉም ነገር በእጅ የሚሄድ ከሆነ ግን አትደንግጡ። የቴሌብር ዝርዝራችሁ ራሱ ታሪክ ነው። እቁብ ደግሞ ከሱ አይተናነስም። እህቴ ለሁለት ዓመት ሳታቋርጥ የከፈለችበትን የእቁብ ደብተር ይዤ ነበር። ባለሱቁ ስቴትመንቴን በአንድ ዓይኑ አይቶ ተወው። ደብተሩን ግን ገጽ በገጽ ገለጠው። ለእቁቡ ዳኛም ደወለለት። በትንሽ ከተማ ይሄ ከባንክ ማኅተም በላይ ይሠራል።

ባለሱቁ ባንክ ከልክሏችሁ እንደሆነ ከጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። «ትንሽ ውዝፍ ነበረብኝ፣ ዘግቻለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው» ማለት ይበቃል።

የትኛው ዱቤ?

በር ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይመለሱ» የተለጠፈበት ሱቅ ውስጥ ራሱ ዱቤ አለ። የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

አንደኛው ባለሱቁ ራሱ በደብተሩ የሚሰጠው ነው። ቅድመ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ዋስ ትጠራላችሁ፣ ቀሪውን በየወሩ። ባንክ የመለሰው ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይሄን ነው።

ሁለተኛው በመሥሪያ ቤት ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል የሚመጣ ነው። ከሱቁ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ታመጣላችሁ፤ ማኅበሩ ለሱቁ ይከፍላል፤ ከደመወዛችሁ ይቆረጣል። አባል ከሆናችሁ ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው፤ እኔ አባል ባለመሆኔ ጣቴን ነክሻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ ይላል። በሌላውም ዱቤ ቢሆን ይህችን ሲሶ ለራሳችሁ ጣሪያ አድርጓት።

ሦስተኛው ከሱቁ ጀርባ ባንክ ያለበት ነው፤ እንደ ዳሸን ባንክ «ዱቤ አለ» ዓይነት። ባንኩ ለሱቁ ይከፍላል፣ እናንተ ለባንኩ። አስተውሉ፣ እዚህ ዳኛው እንደገና ባንክ ነው። ምክንያቱን ሳትዘጉ ከሄዳችሁ ያው «አይሆንም» ይከተላችኋል።

የምትፈልጉት ፍሪጅ ሳይሆን ማምረቻ ማሽን ከሆነ፣ ማለትም የዳቦ መጋገሪያ ወይም የስፌት መኪና፣ በክልሉ ያለውን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ጠይቁ። ማሽኑ ከፍላችሁ እስክትጨርሱ የእነሱ ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ ማስያዣው እሱ ራሱ ነው።

በቴሌግራም «ያለ ዋስ፣ ያለ ማስያዣ፣ ፋይል ማስከፈቻ ብቻ ይላኩ» የሚሏችሁን ግን ዝለሏቸው። ብድር ሰጪ ከተበዳሪ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሰበስብበት ምን ምክንያት አለው?

አሁን ሒሳቡ

ባለሱቁ የሚነግራችሁ ወርሃዊውን ነው። «በወር አራት ሺህ ብቻ!» «ብቻ» የምትለዋ ቃል ውድ ናት።

እንበል ፍሪጁ በካሽ 48,000 ብር ነው። በዱቤ ግን 12,000 ቅድሚያ፣ ከዚያ 4,000 ለ12 ወር። አባዙት፣ 48,000። ቅድሚያውን ደምሩበት፣ 60,000። ልዩነቱ 12,000 ብር ነው።

ባለሱቁ «ለዓመት ሃያ አምስት በመቶ ብቻ ነው» ይላችኋል። አይደለም። ቅድሚያውን ስለከፈላችሁ የተበደራችሁት 36,000 ነው። 12,000ው የሱ ሲሶ ነው። በዚያ ላይ 36,000ው ዓመቱን ሙሉ እጃችሁ ላይ አይቀመጥም፤ በየወሩ እየመለሳችሁት ነው። በአማካይ እጃችሁ ላይ የሚቆየው ወደ 19,500 ብር ገደማ ነው። ለዚህ 12,000 መክፈል በዓመት ከ50 በመቶ በላይ ወለድ ማለት ነው። እኔ ይሄን በስልኬ ካልኩሌተር ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሠራሁት። ባለሱቁ ዝም ብሎ አየኝና «የሒሳብ አስተማሪ ነህ እንዴ?» አለኝ።

አይደለሁም። ግን ከዚያ በኋላ ድርድሩ ተቀየረ። ቅድሚያውን ወደ 20,000 አሳደግሁ፤ የእቁቡ ዕጣ ለእህቴ ደርሶ ነበር። ጊዜውን ወደ ስምንት ወር አሳጠርን። ጭማሪው ከግማሽ በታች ወረደ። ቅድሚያ ማሳደግና ጊዜ ማሳጠር፤ ከዚህ የተሻለ መደራደሪያ አላገኘሁም።

ገቢያችሁ ወቅት ያለው ከሆነ እሱንም ተናገሩ። በሮቢት በኩል ማሾና ሽንኩርት ሲሸጥ ገበያው ይደራል፤ በመንዝ በኩል በጎች ለበዓል ሲወጡ። በየወሩ እኩል ከመክፈል በደረቁ ወራት ቀነስ፣ በደራው ከፍ የሚል አከፋፈል ጠይቁ። እኛ ጠይቀን እሺ ተባልን።

ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ባለሱቁ «ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ቢልም ይጻፍ። ጠቅላላ ዋጋው፣ የየወሩ ቀን፣ ብትዘገዩ የሚመጣው ቅጣት በቁጥር ይግባ። ዕቃው ከፍላችሁ እስክትጨርሱ የሱቁ ነው ተብሎ ከተጻፈ መሸጥም ማስያዝም አትችሉም። አንድ ወር ብታጓድሉ ወዲያው ይወስደዋል ወይስ ጊዜ ይሰጣል? ይሄም ይጻፍ።

ዋሳችሁን አስቡለት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚገባበት የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ «ለማንኛውም ዕዳ» የሚል ባዶ ፎርም ላይ ወዳጃችሁን አታስፈርሙት። ቀሪው 28,000 ከሆነ የሱም ጣሪያ በዚያው ልክ ይወሰን። እናንተ ዋስ ሁኑ ስትባሉም እንደዚሁ።

ቼክ አስይዙ ከተባላችሁ ግን ቁሙ። ብዙ ሰው «ቀኑን ወደፊት አድርጌ ብጽፍ እስከዚያ አይነካም» ይላል። ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ነው፤ ወደፊት ቀን ብትጽፉበትም ነገ ባንክ ሊሄድ ይችላል። ሒሳባችሁ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ነገሩ የዕዳ ብቻ አይሆንም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። እኔ ቼክ አልሰጥም ብዬ ሁለተኛ ዋስ አመጣሁ።

ከዕቃው ጋር የዋስትና ካርዱን ተቀበሉ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ለሚደርስ ጉዳት ዋስትናው ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ስለዚህ የስታብላይዘርንም ዋጋ ከመጀመሪያው አስቡት።

የኛ ፍሪጅ በአይሱዙ ተጭኖ ጣርማ በርን ቁልቁል ወረደ። ሹፌሩን «አታጋድመው» ብለነው ነበር። ሳይጋደም ደረሰ፤ ቢሆንም ጥቂት ሰዓት ቆሞ እስኪረጋ ሳይሰካ ቆየ። እህቴ ወዲያው ልትሰካው ስትል ነው በስልክ የጮህኩባት።

በየወሩ ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ። ምክንያቱን «የፍሪጅ 3ኛ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉበት። በእጅ ከሰጣችሁ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የመጨረሻውን ስትከፍሉ ሁለት ነገር ይዛችሁ ውጡ፦ ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ እና ዋሶቻችሁ የፈረሙበትን ወረቀት። ወረቀቱን ለዋሴ ወስጄ ሻይ ቤት ስሰጠው አራት ቦታ ቀደደው። ከዚያ የሻይ ሒሳቡን ወደኔ ገፋ።