ማነጣጠሪያውን ከመቀየር በፊት መብራቱን ቀይሩ

ቴክሳስ ውስጥ ማሳ የሚያወድሙ የዱር አሳማዎችን በሌሊት ለምታድኑ፦ ዲጂታሉ የሌሊት ማነጣጠሪያ መነጽር ምስሉ ቢደበዝዝባችሁ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ደካማው አብሮት የመጣው የኢንፍራሬድ (በዓይን እምብዛም የማይታይ ጨረር) መብራት ነው። ለብቻው የሚገጠም፣ ጨረሩ የሚጠብና የሚሰፋ ግዙ። የጨረሩ ሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር የሆነው ርቆ ያሳያል፤ ከፊት ለሚያየው ግን እንደ ፍም የቀላ ነጥብ ይታያል። ባለ 940ው አይታይም፣ ርቀቱ ግን ያጥራል። ለሰፊ ማሳ እኔ 850ውን እመርጣለሁ።

ጨረሩ አፈሙዙን ወይም ቅርብ ያለ ሣር እንዳይነካ አድርጋችሁ ግጠሙት፤ አንዲት የሣር ቅጠል ካበራች ምስሉ በሙሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል።

አደራ፣ የሚያበራ ዓይን አይታችሁ ብቻ አትተኩሱ! የአሳማ ዓይን እንደ ከብትና እንደ ውሻ ደምቆ አያበራም፤ ያ ያያችሁት ዓይን የጎረቤት ጥጃ ሊሆን ይችላል። ሙሉ አካሉንና ከጀርባው ያለውን ሳትለዩ ጣታችሁ ምላጩ ላይ አይረፍ።