ወረርሽኝ ጋብ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

በ2012 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በእድራችን ድንኳን መግቢያ ላይ ባለ ቧንቧ ቢጫ ጄሪካን አስቀመጥን። ሳሙናው በገመድ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ወጣት ቆሞ ያስታጥባል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነበር። ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባም እኛ ሰፈር በኮሮና የተቀበረ ሰው አልነበረም። መስከረም ላይ ያንኑ ጄሪካን ጠላ ተሞልቶ ተዝካር ቤት አየሁት። የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በንብረት መዝገብ የጻፍኩት እኔ፣ እንዳላየ ያለፍኩትም እኔው ነኝ።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፦ “ማንም ስላልሞተ ጥንቃቄው አያስፈልግም ነበር” ማለት። የመንዝ ገበሬ በጎቹ ስላልተበሉ የበረቱን አጥር ነቅሎ አይማግድም። ቬትናምን እንይ። ሕዝቧ መቶ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን እስከ ሚያዝያ 2013 ድረስ በኮሮና የሞቱባት 35 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዴልታ የተባለው ዝርያ ሲገባ አብዛኛው ሕዝብ ገና አልተከተበም ነበር። ታኅሣሥ 2014 ላይ የሟቾቹ ቁጥር ከ30,000 በላይ ደረሰ።

ሁለተኛው ምስጋናውን ለብርዱ መስጠት ነው። “ደጋ ነን፣ ቫይረሱ አይችለንም” ሲባል ስንቴ ሰማሁ! ነጭ ሽንኩርቱና አረቄውም የድርሻቸውን ተመስግነዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ብርድ ማለት ለእኛ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ዙሪያ መሰብሰብ ነው፤ ቫይረሱም የሚመቸው የታፈነ ክፍል ነው። ሐምሌ ላይ ለቅሶ ቤት ሃያ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ሳለ መስኮቱን ገርበብ አደረግሁት። አንዲት እናት “ልጄ፣ ዝጋው እባክህ፤ ብርዱ ከኮሮና ቀድሞ ይወስደኛል” አሉኝ። ዘጋሁት። ስንዝር ያህል እንኳ ከፍቼ እሳቸውን ወደ ከሰሉ ማስጠጋት እችል ነበር፤ ያኔ አልመጣልኝም።

ሦስተኛው፣ ሳይመረመሩ “ጉንፋን ነው” ብሎ ማለፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ደግሞም ምልክቱ እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በሽታው ጠንቶ ሰው እስኪሞት ሌላ ሳምንታት ያልፋሉ። ዛሬ ለቅሶ አለመኖሩ የሚነግረን ስለ ዛሬ ሳይሆን ከወር በፊት ስለነበረው ነው።

የመጀመሪያው ዙር ቀላል ከሆነ ሁለተኛውም ይቀላል ብሎ ማሰብም አለ። የ1910ሩ ኢንፍሉዌንዛ መጀመሪያ በዓለም ሲዞር ቀለል ያለ ነበር፤ በ1911 መባቻ የተመለሰው ግን ገዳይ ሆነ፤ እኛም የኅዳር በሽታ አልነው። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ እናቃጥላለን። ጭሱን ወርሰን ታሪኩን ረስተናል። የራሳችንም ሁለተኛ ዙር መጋቢት 2013 ላይ አሻቅቧል።

የመጨረሻው ሁሉንም ጥንቃቄ በአንድ ቀን መጣል ነው። ከባዱ ይቅር፤ ወጪ የሌለው ይቆይ። እድራችን ዘግይቶም ቢሆን የሰው ቁጥር ገደቡን አንስቶ መታጠቢያውን መልሷል። ጄሪካኑ አሁንም ጠላ ጠላ ይሸታል።