ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

የናሙናው ውጤት «ካንሰር» ካለበት ቀን እስከ መጀመሪያው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወይም የጨረር ሕክምና ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ጨረር ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሌሎች ማዕከላት ቢጨመሩም ወረፋው አልቀረም። አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ጊዜ ቀጠሮ በመጠበቅ ያሳልፈዋል። በዚህ ጊዜ የሚሠሩት ስህተቶች ደግሞ አብዛኞቹ ከፍቅር የመጡ ስለሆኑ ደፍሮ የሚያርማቸው የለም።

ለታማሚው መደበቅ

«እጢ ነው፣ በመርፌ ይሟሽሻል» ይባላል። ሐሳቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ለጡት ካንሰር አዘውትሮ የሚሰጠው አድሪያማይሲን ያለበት ኬሞ ግን ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ጸጉርን ያረግፋል። ጠዋት ትራሷ ላይ ጸጉሯን በእፍኝ ያገኘች ሴት ያን ዕለት ሁሉን ታውቃለች። ልጆቿንም ሐኪሟንም ማመን ታቆማለች፤ ከዚያ በኋላ «ሁለተኛውን ዙር አልሄድም» ብትል አይፈረድባትም።

ለመናገር የሚቀለው ከጥያቄ መጀመር ነው፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመምሽ ምን አለሽ? የቀረውንስ ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ዝርዝሩን አልሰማም የሚል ሰው አለ፣ መብቱ ነው። የሕመሙን ስም፣ ሕክምናው ስንት ዙር በስንት ቀን ልዩነት እንደሚሰጥና ምን ምን እንደሚሰማው ግን ሳያውቅ አልጋው ላይ መውጣት የለበትም። ጸጉርን ቀድሞ ማሳጠርና ሻሽ ወይም ኮፍያ ማዘጋጀት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ድንጋጤውን ግን በግማሽ ያቀለዋል።

ብሎኩን ትቶ መምጣት

ሪፈር ተጽፎለት ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው በእጁ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ወረቀት ብቻ ነው። ከሰውነቱ የተወሰደው ናሙና ግን በሰም ውስጥ ተቀምጦ፣ ቁጥር ከተጻፈባት ከክብሪት ሣጥን ከምታንስ ፕላስቲክ ጋር ምርመራውን በሠራው ላብራቶሪ ቀርቷል። ብሎክ የሚሏት እሷን ነው። የጡት ካንሰር ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ ይሰጥ እንደሆነ የሚታወቀው ከእሷ ላይ በሚቆረጥ ስስ ቁራጭ ነው። ከሌለች እንደገና መወጋት፣ እንደገና መክፈል፣ እንደገና መጠበቅ ይመጣል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ብሎኩንና ስላይዱን (ስስ ቁራጩ የተለጠፈበትን መስታወት) ጠይቀው ይያዙ፤ ፀሐይ ላይ ወይም መኪናው መስታወት ሥር አይተዉት፣ ሰሙ ሊቀልጥ ይችላል። አዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው ታማሚ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ ስላለው አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

«ይረፍ» ብሎ አልጋ ላይ ማዋል

ተኝቶ የሚውል ሰው ጡንቻው በቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል፤ ጡንቻው የሳሳ ሰው ደግሞ ኬሞው ይበረታበታል፣ ከቀዶ ሕክምናም ቶሎ አይነሳም። በቀን ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ መራመድ ይበቃል። ልኩ ቀላል ነው፦ እየተራመደ ማውራት ይችላል፣ መዝፈን ግን አይችልም። በዚያ ላይ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ጠዋትና ማታ። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ሲነሳ ካዞረው ወይም ደረቱን ከወጋው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው አጫሽ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም፤ ዘግይቶ ማቆምም ካለማቆም ይሻላል።

ሆድ የሚሞላ ግን የማይገነባ ምግብ

አጥሚትና የአጥንት ሾርባ የታማሚ ምግብ ናቸው ይባላል። ያጠግባሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ጥቂት ነው። ካንሰር ያለበት ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም ሥጋ ወይም ሽሮ ዱቄት ወደ 20 ግራም አካባቢ ይሰጣል። አጥሚቱን በውኃ ፈንታ በፈላ ወተት መሥራት፣ ሾርባው ውስጥ እንቁላል መምታት አንድ መፍትሔ ነው። «ስኳር ካንሰሩን ያሳድገዋል» ብሎ የከሳ ሰው ላይ ምግብ መቀነስ ግን እሱን ማክሳት ብቻ ነው።

ጾም ሲመጣ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ ለሕሙም መፍቀድ በቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም፤ በእስልምናም ሕመምተኛ ከረመዳን ጾም እፎይታ አለው። የፍስክ አልበላም ላለ ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ለውዝና ሰሊጥ ይብዛለት እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ አይዋል። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይመዘን፤ ከ60 ኪሎ በአንድ ወር 3 ኪሎ መቀነስ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። የኬሞ መጠን በቁመትና በክብደት ስለሚሰላም የድሮ ኪሎ መናገር ስህተት ነው።

የተደበቀ ዕፅ

ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ሽፈራው፣ ከውጭ የመጣ የ«ካንሰር ሻይ»፤ ጎረቤት የሚያመጣው አያልቅም። አንዳንድ ዕፅ ጉበት ኬሞውን የሚያጣራበትን መንገድ ያፋጥናል ወይም ያዘገያል፤ መድኃኒቱ ሊደክም ወይም መርዝ ሊሆን ይችላል። ምን እየወሰደ እንደሆነ ለሐኪሙ አንድም ሳይቀር ይንገር፣ ዕቃውንም ይዞ ይምጣ። ጠበል ሌላ ጉዳይ ነው። ችግሩ መድኃኒቱን አቁሞ መሄድና ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሳምንት ያልፈላ ውኃ መጠጣት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣበት ዘመን ይኸው ክርክር ነበር፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መጠቀም እንደሚቻል ተናግረው ነበር።

የተዘለሉ ምርመራዎች

ሄፓታይተስ ቢ ከኬሞ በፊት ይመርመር፤ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ በኬሞ ሊነሳ ይችላል፣ መከላከያ መድኃኒት ግን አለው። የሚነቀል ጥርስ ካለ ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀድሞ ይነቀል። መውለድ የምትፈልግ ሴት ወይም የሚፈልግ ወንድ ኬሞ የመውለድ አቅምን ሊጎዳ ስለሚችል ጥያቄውን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ያንሱ፤ በኋላ ይረፍዳል።

ጠያቂን ያለ ልክ መቀበል

እንባ ያቀረረው ጠያቂ፣ «እገሌም በዚሁ ነው የሞተ» የሚለው፣ ጉንፋን ይዞት የሚስመው። አንድ ሰው በር ላይ ይመደብ፤ ሰዓት ይወሰን፣ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በስልክ ይጠይቅ። ታማሚው ፍርሃቱን የሚያወራለት አንድ ሰው ይኑረው፤ ጥያቄዎቹንም ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ሐኪሙ ፊት ይረሳሉና። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብም ሰውም ከጠላ፣ «ጊዜ ይፈታዋል» አይባልም፤ መታከም የሚችል ድብርት ሊሆን ይችላል።

ያለ ቴርሞሜትር መጀመር

የብብት ቴርሞሜትር ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይገዛ። ነጭ የደም ሴል በብዛት የሚወርደው ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ያኔ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ይቅሩ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በፓራሲታሞል አብርዶ ማደር የለም፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን ይሸፍናል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ሄዶ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መጀመሪያ የሚነገረው «ኬሞ ላይ ነኝ፣ የመጨረሻውን የወሰድኩት በዚህ ቀን ነው» የሚለው ነው። የኬሞ ካርዱም ከቴርሞሜትሩ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጥ።